ሁለቱ ቴሌቪዥኖች በዶን ካሊክስቶ በረንዳ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል የዋሸሁ እንደሆነ የሚቀጥለው ምድጃዬ ጥሬ ጡብ ይትፋ። በእናቴ አልምልም፤ በሕይወት አለች፣ ከሰማች ትመታኛለች። በጡብ ግን እምላለሁ፤ በኛ መንደር፣ በፓራና ወንዝ ዳር፣ ከጡብ ሌላ የሚማልበት ነገር የለንም። ነገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ዶሮዋ እንኳ እውነት ናት።

ያ እሁድ የሰሜን ንፋስ የነፈሰበት እሁድ ነበር። እሱ ሲነፍስ እኛ ዘንድ ሰው ሽማግሌ አይልክም፣ ፀጉሩን አይቆረጥም፣ ውሻ ከገዛ ጥላው ጋር ይናከሳል። ኒምያ ግን ከንፋሱም በፊት ዕረፍት አልነበራትም። ከጠዋት ጀምሮ የአባቷን በረንዳ ሦስት ጊዜ ጠርጋዋለች። በሦስተኛው አክስቷ ኤርሚንያ ከኩሽና ብቅ ብላ፣ "አንቺ ልጅ፣ ንጣፉ ምን አደረገሽ? ልትጨርሺው ነው እኮ" አለቻት።

መጥረጊያውን ጣለችና ወንበር መደርደር ጀመረች። ደረደረች፣ አፈረሰች፣ መልሳ ደረደረች። አንዱን ብቻ አልነካችውም፤ ከመሃል ያለውን፣ በቀጭን ሸምበቆ የተሠራውን ወንበር። እሱ እንዳለ ቆየ።

ይህን ሁሉ መቁነጥነጥ ያመጣው ግድግዳው ላይ ነበር። ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ቴሌቪዥኖች።

ባለፈው ወር መብረቅ የዶን ካሊክስቶን አሮጌ ቴሌቪዥን መታው። በዲሹ ገብቶ በሪሞቱ ወጣ ይላሉ፤ ሲገባ አላየሁም፣ ሪሞቱን ግን አይቻለሁ፣ እንደ ሻማ ቀልጧል። ወሬው ሁለት ቀን ሳይሞላው የሻይ ቅጠል ወፍጮው ባለቤት ልጅ ፋብሪስዮ ሰባ አምስት ኢንች ቴሌቪዥን በነጭ ፒክአፑ ጭኖ መጣ። ፋብሪስዮ በዋና ከተማ ተምሮ የተመለሰ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው ልጅ ነው። ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ምክንያት እየፈለገ ሲመጣ ከርሟል፤ አንዴ ማር፣ አንዴ ዓሣ፣ አንዴ የቀን መቁጠሪያ። ቴሌቪዥኑ ምን ለማለት እንደመጣ ያልገባው ሰው በመንደሩ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሌላ ቴሌቪዥን በአውቶቡስ ደረሰ። ስድሳ አምስት ኢንች ነው። በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሕመምተኛ ሁለት ወንበር ይዞ ነበር የመጣው። የላከው አርሴንዮ ነው።

አርሴንዮ የዶኛ ብላሲዳ ልጅ ነው። እናቱ በዶን ካሊክስቶ ምድጃ ዓሥራ ሁለት ዓመት እርጥብ ጡብ ፀሐይ ላይ ስታገላብጥ ኖራለች። እሱ ከአምስት ዓመት በፊት ወደ ድንበሩ ከተማ ሄዶ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባ። ሥራው ሌላ ቦታ ሥራ አይባልም፤ አርባ ቴሌቪዥን በተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ቆሞ የየአንዱን ብርሃን፣ ቀለምና ጥቁረት ሲያስተካክል ይውላል። ሰው ጉልበቱን እንደሚያከራይ እሱ ዓይኑን አከራየ። ዶን ካሊክስቶ ስሙ ሲነሳ፣ "ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩነት ግን ጣሪያ አይሆንም" ይሉ ነበር።

ኒምያና እሱ በገና ሰሞን የሩዝ ማሳው ድልድይ ላይ ተገናኝተው ነው ነገሩ የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሆነ። በመንደራችን ስልክ የሚሠራው ማንጎ ዛፍ ጫፍ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው፤ ከዛፉ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የቺፓ ዳቦ ሻጯ ዴሄሱሳ በየአውቶቡሱ ስትወጣና ስትወርድ ደብዳቤውን ከቅርጫቷ ሥር ታደርስ ነበር። የኒምያ ፍቅር እንደ ዳቦው አይብና አኒስ አይብና አኒስ ይሸት ነበር።

ዓሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈችለት፣ ፊትና ጀርባ ሞልታ። እሱ የመለሰው አራት ነው፣ አራቱም አጭር። የመጨረሻውን በቃሏ ታውቀዋለች፦ "ሱቁ ብራዚል ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቷል። ሰኞ ሂድ ብለውኛል፣ ለሦስት ዓመት። እሁድ አባትሽ በረንዳ ላይ ቦታ ካለኝ እቀራለሁ፣ እዚያው መንደራችን ጥገና እከፍታለሁ። ከሌለኝ እሄዳለሁ።"

ዶን ካሊክስቶ ሁለቱን ቴሌቪዥኖች ባዩ ጊዜ አልተናደዱም፣ አልተደሰቱም። ጡብ ሲመርጡ ሁለት አንስተው ያጋጫሉ፤ በደንብ የበሰለው እንደ ደወል ይጮሃል፣ ያልበሰለው እንደ እንጨት ድው ይላል። "ሁለቱም ይሰቀሉ" አሉ። "እሁድ ጨዋታ አለ። ጎን ለጎን እናያቸዋለን። የተሻለው ይቀራል፣ ያመጣውም ከኔ ጋር እራት ይበላል።" ስለ ልጃቸው ምንም አላሉም። መናገርም አላስፈለጋቸውም።

*

ከቀትር በኋላ፣ ዶን ካሊክስቶ ገና ተኝተው ሳሉ፣ በረንዳው ሞላ። ሰው ወንበር ይዞ መጣ፤ ወንበር የሌለው ጡብ ይዞ መጣ። የፋብሪስዮ ቴሌቪዥን ሲበራ መንደሩ ዓይኑን ጨፈነ። ብርሃኑ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም፤ ለሱቅ ተብሎ እስከ ጥግ የተለቀቀ ብርሃን ነው። የተጫዋቾቹ ፊት እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ቀላ፣ ሳሩ ሰማያዊ ሆነ። ከአግዳሚው ሥር ተኝታ የነበረችው የኤርሚንያ ዶሮ የነጋ መስሏት ተነሳችና የቀኑን ሁለተኛ እንቁላል ጣለች።

አርሴንዮ ከአውቶቡስ ወርዶ የመጣው ያኔ ነው። ኒምያ በረንዳው ጥግ የቴሬሬ ማሰሮውን፣ የቀዝቃዛ ሻያችንን፣ ይዛ ቆማ ነበር። አምስት ወር የጠበቀችው ዓይን መጣና ሩብ ሰከንድ አረፈባት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። እሷ ቀሚሷን ለሦስተኛ ጊዜ መቀየሯን ግድግዳው አያውቅም።

አርሴንዮ የራሱን ቴሌቪዥን አልነካም። ወደ ፋብሪስዮ ሄዶ ሪሞቱን እንዲሰጠው ጠየቀ።

"ወንድሜ፣ ያንተን ንካ እንጂ" አለ ፋብሪስዮ፣ ፈገግ ብሎ።

"የኔ ደህና ነው። ያንተ ሳር ሰማያዊ ነው።"

ከኋላ አንዱ፣ ላሞቹ ቅር እስካላላቸው ድረስ ምን ቸገረው አለ። ሰው ሳቀ። ፋብሪስዮ ሳሩን አየ፣ አርሴንዮን አየ፣ እንደገና ሳሩን አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ተንኮል ነው ብሎ ይጮህ ነበር፤ እሱ ግን ሪሞቱን ወርወር አደረገለት።

አርሴንዮ ከስክሪኑ ፊት ቁጢጥ አለ። ብርሃኑን ቀነሰ፣ የሚንቦገቦገውን ቀለም አረገበ፣ ፊትን እንደ ሰም የሚያለሰልሰውን ነገር አጠፋ። ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ጨለመ አለ። ከዚያ ማጉረምረሙ ቀስ በቀስ ጠፋ። ፊቶቹ የሰው ፊት ሆኑ። ላብ ታየ። ሳሩ ሳር ሆነ፣ የተረገጠውም ያልተረገጠውም ለየብቻ። ሰባ አምስት ኢንች ሙሉ ያማረ ምስል ግድግዳውን ሞልቶ ቁጭ አለ፤ የአርሴንዮው ስድሳ አምስት ከአጠገቡ፣ በር አጠገብ እንደተከፈተች መስኮት፣ አነሰ።

ፍርዱ በአንድ አፍ ወጣ። ትልቁ ነው።

ኒምያ ዋንጫውን ሞልታ ሄደችለት፤ ሰው ፊት ልትነካው የምትችለው በዚያ ብቻ ነበር። ቴሬሬ በዙር ነው፤ አንድ ቀጂ፣ አንድ የቀንድ ዋንጫ፣ ብዙ አፍ። ዋንጫውን ስትመልስ ዝም ካልህ ዙሩ ተመልሶ ይደርስሃል። "አመሰግናለሁ" ካልህ በቃኝ ማለትህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀዳልህ የለም። ይህን በኛ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል።

አርሴንዮ ቀዝቃዛውን ውሃ በብረቱ መምጠጫ ስቦ ጨረሰ። ዋንጫውን መለሰላት።

"አመሰግናለሁ" አላት።

ንፋሱ በጆሮዋ ውስጥ ገባ።

*

ማሰሮውን ለአክስቷ አስጨብጣ ወደ ምድጃው ጓሮ ሄደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርምጃውን ሰማች። እንዲደርቁ በተደረደሩት ጥሬ ጡቦች መሃል ቆሙ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ጠባብ መንገድ ነበር።

"ለምን?" አለችው።

"ሳሩ ሰማያዊ ነበር።"

"አታሹፍብኝ አርሴንዮ። ነገ የምትሄደው አንተ ነህ። የሱን በገዛ እጅህ አሳምረህ ሰጠኸው።"

አርሴንዮ ከጡቡ ጥግ ቅንጣት ጭቃ ቆርሶ በጣቶቹ መሃል አሸ። "ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን ሲሰቀል መጀመሪያ ሁለቱንም ነው የማስተካክለው" አለ። "አንዱ ተስተካክሎ፣ ሌላው እያበደ ቢወዳደሩ እሱ ማታለል ነው። በዚያ ባሸንፍ በየእሁዱ አባትሽ አጠገብ ስቀመጥ ሰማያዊ ሳር ነው የሚታየኝ።"

"እኔስ? እኔ ምንድነኝ? ሦስተኛ የግድግዳ ዕቃ?"

እሱ ጭቃውን ማሸቱን ቀጠለ። ያ ደግሞ ይበልጥ አነደዳት።

"ዓሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩልህ። ለመሆኑ አንብበኸዋል?"

"አንብቤያለሁ።"

"ታዲያ አራት ብጣሽ ወረቀት ነው የሚመለሰው?"

"አንቺ ስትጽፊ እኔ እዚህ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ስጽፍ ግን ሱቅ ውስጥ ነኝ። ስለ ሱቅ ምን ይጻፋል?"

ልትለሰልስ ነበር። ዋንጫው ትዝ አላት።

"ሰው ሁሉ እያየ አመሰግናለሁ አልከኝ።"

ያኔ ፊቱ ተለወጠ። "ቦታ ሳይሰጠኝ ዙር ውስጥ እንዴት ልቀመጥ? እናቴ እዚህ ግቢ ዓሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ አንድም ቀን በረንዳው ላይ አልተቀዳላትም። አባትሽ ካልቀዱልኝ ባንቺ ዋንጫ ተደብቄ ዙሩ ውስጥ አልገባም፣ ኒምያ።"

እናቱ ከዚህ ከቆሙበት ቦታ ጎንበስ ቀና ስትል ሁለቱም አይተው ነበር፤ እሷ ከበረንዳው፣ እሱ ከጡቡ መሃል። ኒምያ ጥቂት ቀረበችው። እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው።

"ተሸንፈሃል እኮ" አለችው በመጨረሻ። ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም። "ሰው ሁሉ ፈርዷል።"

"ሰው ሁሉ ከመሃል ቆሞ ነው ያየው" አለ። "አባትሽ ገና አልተቀመጡም።"

አልገባትም። ጥሎ ለመሄድ የቸኮለ ሰው የሚናገረው መሰላት። ቀድማው ተመለሰች፤ ልቧ ግን እዚያው ጥሬ ጡቦቹ መሃል ቀረ።

*

ዶን ካሊክስቶ ከቀትር እንቅልፋቸው ተነስተው ወጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። እንደ ሁልጊዜው ከሸምበቆው ወንበር በስተግራ፣ ከግድግዳው ጥግ ባለው መቀመጫቸው አረፉ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀመጡት እዚያው ነው።

"ዶን ካሊክስቶ፣ ከዚያ ጥግ ምን ይታያል?" አለ ፋብሪስዮ በቀና ልብ። "መሃል ይሁኑ። ይኸው፣ ከዚህ ነው የሚያምረው።" ይህን ብሎ በሸምበቆው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

ሸምበቆው ተንቋቋ። ሦስት ዓመት አልተንቋቋም ነበር። ኤርሚንያ አማተበች። የጨዋታው አስተላላፊ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መሰለኝ።

ዶን ካሊክስቶ አልተቆጡም። "ልጄ" አሉት፣ "ወንበሩ ሰው አለበት።"

ፋብሪስዮ ትኩስ ጡብ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተነሳ። ጆሮው ድረስ ቀላ። አያውቅም ነበር፤ ዓመት ሙሉ ስጦታውን ከደጅ አስረክቦ ይመለስ ነበር እንጂ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አያውቅም፣ ማንም አልነገረውም። ወንበሩ የፔትሮና ነው፣ የኒምያ እናት። ከሞተች ወዲህ የተቀመጠበት የለም።

ጨዋታውን የሚያየው ሰው ቀነሰ። ዶን ካሊክስቶ ጥቂት አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። "ኳሱ ይቆየን። ኒምያ፣ እናትሽን አድርጊልኝ።"

በዋዜማው ባዘዟት መሠረት የእናቷን ቪዲዮ በሁለት ፍላሽ ገልብጣው ነበር። አንዱን በትልቁ፣ አንዱን በትንሹ ሰካች። የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ ነው፣ ሲመሽ የተነሳ ምስል። ፔትሮና በጥቁር ሻሽ፣ ሻማ ይዛ፣ ከጨለማው ውስጥ ወደሚያነሳት ሰው ትመጣለች። የሚያነሳት ባሏ ነው። ደርሳ ትስቃለች፣ እጇን በካሜራው ላይ ታደርጋለች፤ ያበቃል። ይኸው ነው። ዶን ካሊክስቶ በየእሁዱ ከጨዋታው በኋላ የሚያዩት ይህን ነው።

መሃል የቆመው ሰው ትልቁን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ አማረ። ዶን ካሊክስቶ ግን ዓይናቸውን አሹ። አንዴ ደግመው አሹ። ኒምያ አባቷ ያለቀሱ መስሏት ሄዳ ጎንበስ አለች፣ ጉንጯን ከጉንጫቸው አስጠጋች። ያኔ እሳቸው የሚያዩትን አየች።

ከዚያ ጥግ ትልቁ ስክሪን ገርጥቷል። ጨለማው አመድ ሆኗል፣ ሻሹም አመድ ሆኗል፣ የእናቷ ፊት በእንፋሎት በተሸፈነ መስታወት ጀርባ እንዳለ ሰው ደብዝዟል። ወደ ትንሹ ዞረች። እዚያ ሌሊቱ ሌሊት ነው። ጥቁሩ ሻሽ በጥቁሩ ጨለማ ላይ ክር በክር ይለያል። ሻማው ይሞቃል። እናቷ ስትስቅ የፊት ጥርሷ ክፍተት እንኳ ይታያል። ከመሃል ያዩት ያህል፣ ከጎንም ያው ነው።

ሰባተኛው ደብዳቤ። ኒምያ የራሷ ቃል እንደ ሰው ድምፅ መጣባት፦ *አባዬ አሁንም እማዬን ከጎን ሆኖ ነው የሚያያት፣ በሕይወት እያለች አጠገቧ ተቀምጦ ያያት እንደነበረው።* ይህን የጻፈችው እንቅልፍ ባጣች ቀን፣ ምንም መልስ ሳትጠብቅበት ነው።

ቀና ብላ ፈለገችው። አርሴንዮ ከሰው ጋር መሃል አልነበረም፤ እንደ አባቷ ጥግ ይዞ፣ የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። አሁን ግድግዳውን አያይም ነበር። እሷን ያያል፣ ለሩብ ሰከንድ ብቻም አይደለም። ኒምያ ከጠዋት ጀምሮ እግሯ የቆመው ያኔ ነው።

"አባዬ" አለች። ጮክ ብላ ነው፤ ሰው እንዲሰማ። "ይሄንን አርሴንዮ የመረጠልህ አንተ የት እንደምትቀመጥ ስለጻፍኩለት ነው። ዓሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ።" ቺፓ ሻጯ ዴሄሱሳ በድንገት የጣሪያውን እንጨት መመርመር ጀመረች። "እኔም መርጫለሁ። ከቴሌቪዥኑ በፊት።"

ፋብሪስዮ መጥቶ በዶን ካሊክስቶ ትከሻ በኩል ጎንበስ አለ፣ ሁለቱንም ስክሪን አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ። "ከዚህ ሲታይ የኔ አመድ ነው" አለ። "ከመሃል ሲታይ ያለውንም ቁንጅና የሰጠው እሱ ነው።" ባርኔጣውን አነሳ፣ ለኒምያ ራሱን ዝቅ አደረገና ወጣ። ጫማው አቧራ ነክቶት ነበር።

ዶን ካሊክስቶ ተነሱ። "ሁለት ጡብ ሲጋጭ የተሰነጠቀው ይታወቃል" አሉ። "ዛሬ ሁለቱም አልተሰነጠቁም። አንዱ ግን ከየትም ብታየው ያው ነው። ሰውም እንዲህ ሲሆን ቤት ይሠራበታል።"

ንፋሱ ያኔ ዞሮ ከደቡብ መንፈስ ጀመረ። ውሾቹ ተኙ።

*

ምድጃዬ ነገ ስለሚለኮስ፣ ጡቤም እንዲበስል ስለምፈልግ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። የዶን ካሊክስቶን ንግግር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ትልቅ ሰው አንድ ነገር ቢናገር ደስ ይላል ብዬ ነው። እውነቱን ከፈለጋችሁ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ዋንጫውን ከኤርሚንያ እጅ ወሰዱ፣ በራሳቸው እጅ ቀዱ፣ የዶኛ ብላሲዳ ልጅ ወደቆመበት ምሰሶ ሄደው ዘረጉለት።

አርሴንዮ በሁለት እጁ ተቀበለ። ውሃው አልቆ መምጠጫው እስኪንጣጣ ድረስ ጠጣ። ዋንጫውን መለሰ። ኒምያ ከንፈሩን ከንፈሩን ታይ ነበር።

ምንም አላለም።